ያሳጠርኩት ክንድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ ባለቤቴ (አሁንም እንዲህ ብዬ እንድጠራህ ከፈቀድክልኝ)፣

እንደምን ከረምክ? ጉንፋን ይዞሃል ብላ እህትህ ነገረችኝ፤ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሬዲዮ ከፍቼ የምውለው ለዜናው ብዬ አይደለም፣ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። አሁንም ሁለት ሰሃን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ።

ሙዚየም ውስጥ ያው አጥንት እጠርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቅሪተ አካል መጣልን፤ አንተ ያጠናኸው የዚያ ትንሹ ሥጋ በል ዳይኖሰር ዘር ነው፣ ሁለቱም ክንዶቹ ሙሉ ናቸው። አለቃችን ለካውና፣ "ይኸው ረጅም! ክንዳቸው ያጠረው ከገዘፉ በኋላ ነው። ያ ሰውዬ ሳይገዝፉ ነው ያጠረው እያለ ስንት ዓመት አሞኘን!" አለ። አንተን ማለቱ ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ብሩሼን እንደያዝኩ አብሬ ፈገግ አልኩ። እኔን ይድፋኝ!

ስማኝ። ያን አንተ የለካኸውን ክንድ ከድንጋዩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንተ ምሳ ልትበላ እንደወጣህ፣ መሮው አዳለጠኝና የአጥንቱ መሃል ዱቄት ሆነ። ደነገጥኩ። ሁለቱን ጫፎች አጋጥሜ በሙጫ አጣበቅኩና ስንጥቁን አፈር ቀባሁት። አራት ጣት ያህል አጠረ። ተመልሰህ ስታየው፣ "አንቺ! ይሄ እኮ አጭር ነው! ጉድ አገኘን!" ብለህ አቀፍከኝ። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲባል ጽሑፉ ታተመ፣ ሽልማቱ መጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እያደር ከበደ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባልደረቦቻችን አጥንቱን እንኳ ዳግም ሳይለኩ "ቁጥሩን ከራሱ ፈጥሮ ነው" ማለት ሲጀምሩ፣ ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ቆመህ፣ "አንቺ እንኳ አታምኚኝም?" አልከኝ። ዝም አልኩህ።

ዛሬ ጠዋት ለአለቃችን ነገርኩት። የድሮውን አጥንት ራጅ አስነሥቶ ሙጫውን በዓይኑ አየ። የሥራ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለኝ። ስምህን እንደሚያድስ ቃል ገብቶልኛል፤ ደብዳቤው እዚያው ይደርስሃል። የት እንደምውል ገና አላውቅም።

ባለህበት ሰላምህ ይብዛ፣ ደረትህንም ብርድ አይንካው። ባትጽፍልኝም አልቀየምህም። ያን ቀን ግን ሳላምንህ ቀርቼ አልነበረም ዝም ያልኩት። በትክክል እንደለካህ የማውቅ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያልመለሰችልህ ሚስትህ