የአባትሽ ባትሪ

ልጄ፣ አባትሽ ትናንት ወደ አንቺ ሳይሳፈር ከአውሮፕላን ማረፊያ ተመልሷል።

ሰላምሽ ይብዛ፤ የነካሽው ሁሉ ይቃናልሽ። ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽ የሚተነፍስበት የኦክስጅን መሣሪያ ባትሪ ደክሞበት ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው አይደል፣ ራሱ ከፍቶ የውስጡን ቀየረው። እንዲያምርለት ብሎም በጥቁር ፕላስተር ሲጠቀልለው፣ የኃይሉ መጠን የተጻፈበት ምልክት ተሸፈነ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ አገላብጣ አየችውና፣

«አባባ፣ ይሄን ማን ሠራልዎት?» አለችው።

«እኔው ነኛ! ከፋብሪካው ቢበልጥ እንጂ አያንስም» አላት ደረቱን ነፍቶ።

«እሱ እኮ ነው ችግሩ፣ አባቴ። የፋብሪካ ቢሆን በእጅዎ ይዘውት ይገቡ ነበር፤ የተከፈተ ግን አናሳፍርም።»

ከዚያ ወዲህ ሻንጣውን አልፈታም። የመጀመሪያ ልጅሽን ሳላቅፍ እቀራለሁ ብሎ ሰግቷል። ጎረቤታችን ነርሷ ከምትሠራበት ሆስፒታል ያልተነካ ባትሪ እንዲያውሱን ጠይቃልናለች።

አደራሽን፣ ስትደውዪ ስለ ባትሪው አንስተሽ አትቆጪው፤ ስለሚወለደው ልጅ አጫውቺው። አንቺም ከባድ ነገር አታንሺ፤ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ።

ሆስፒታሉ መልሱን ሐሙስ እሰጣለሁ ብሏል።

እናትሽ