ጨው ስለላሰው ሞተርና በእኔ ጥፋት ስለታሰሩት መካኒክ

ለመቀሌ የካሚዮንና የመንገድ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሹም
መቀሌ

ጥር 14 ቀን 1939 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ አዲስ ሞተር ይሰጠኝ ብዬ ያቀረብኩትን አቤቱታ አንስቼ፣ አሮጌው እንዲጠገን፣ የሚጠግኑትም ሰው ከእስር እንዲፈቱ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ወር ከጠረጴዛዎ ላይ ባኖርኩት አቤቱታ «ተበደልኩ» ብዬ ጮኼ ነበር። ዛሬ በዳዩን ይዤልዎት መጥቻለሁ። ስሙ ከታች፣ ከፊርማው አጠገብ ተጽፏል።

1. እኔ አመልካቹ የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። መቀሌ ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሥራ አራቱን ዓመት በቅሎ እየጫንኩ ከመቀሌ ወልድያ ጨው ያመላለስኩ ሲራራ ነጋዴ ነበርኩ። በቅሎ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

2. ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ አንዲት የናፍታ ካሚዮን በሐራጅ ገዛሁ። በቅሎዎቼን በሙሉ ሸጬ ስለገዛኋት ከእሷ ሌላ እንጀራ የለኝም። ስሟንም ዳማ አልኳት። ባለፈው ሚያዝያ ሞተሯን ከፍተው ያደሱልኝ፣ በፊተኛው ማመልከቻዬ «ይህ ግለሰብ» እያልኩ የጻፍኩባቸው፣ አቶ ከፋለ ሀብቴ ናቸው። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ በመቀሌ የዚህን ዓይነት ሞተር አፍርሶ የሚገጥም ከእሳቸው በቀር የለም። ሥራቸውም ደህና ነበር። ይህን ባለፈው ጊዜ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ።

3. በሰኔ ወር ዳማ የአላጀን ዳገት ስትወጣ ውሃዋ እየፈላ አስቸገረኝ። አቶ ከፋለን ብጠይቅ «ሲፈላ ቁም፤ እስኪበርድ ጠብቅ፤ ንጹሕ ውሃ ጨምር፤ ሌላ ምንም እንዳትጨምር» አሉኝ። እኔ ግን በልቤ «እሳቸው የጋራዥ ሰው ናቸው፤ የዳገት ነገር ምን ያውቃሉ?» አልኩ። እኛ ሲራራዎች ዳገት ከመጀመራችን በፊት በቅሎዎቻችንን ጨው እናልሳለን። ጨው የላሰች በቅሎ ደህና አድርጋ ትጠጣለች፤ ደህና የጠጣች ደግሞ ዳገት አትፈራም። ስለዚህ ከጭነቴ ላይ ግማሽ አሞሌ ሰበርኩ፤ ወቀጥኩት፤ በራዲያተሩ አፍ ጨመርኩላት። የዚያን ቀን ሳትፈላ ወጣች! ማለዳ ስለነበረና ዝናብ ስለዘነበ መሆኑ የገባኝ ዘንድሮ በጥር ነው።

4. ከዚያ ወዲያ በየጉዞው ጨው አላስኳት። በጥቅምት ብዙ መጠጣት ጀመረች። ከመቀሌ ማይጨው ለመድረስ ሦስት ታኒካ ውሃ አልበቃት አለ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ደስ አለኝ። ላገኘሁት ሾፌር ሁሉ «የእኔዋ መጠጣት ለመደች» እያልኩ አወራሁ። ለካ ጨው በበላው በኩል ውሃው ወደ ሞተሩ ሆድ እየገባ ኖሯል። በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሆኖ ሲወጣም አይቼ «ላቧ ነው» አልኩ።

5. ታኅሣሥ 12 ቀን አላጀ መካከል ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ካሚዮኗም መንገዱን ዘግታ የመንግሥትን ፖስታ ሁለት ቀን አስቆመች። ጥፋተኛ ያስፈልገኝ ነበርና ከራሴ ራቅ አድርጌ ፈለግሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ገበያ ካለው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ «መካኒኩ ሞተሬን አበላሸው» ብዬ ብነግረው፣ ለማሳመር «ሆን ብሎ» የምትል ቃል ጨመረልኝ። ሲያነብልኝ ጣፈጠችኝ፤ እንዳለች ትቆይ አልኩት። በዚያች ቃል ምክንያት አቶ ከፋለ ታኅሣሥ 25 ቀን ታሰሩ። ለእኔም ኲሓ ግምጃ ቤት ካለው ዕቃ አንድ የቀረው የናፍታ ሞተር እንዲሰጠኝ ታዘዘልኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን በገዛ እጄ ነው፤ ፊደሌ እየተንጋደደ ቢያስቸግርዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

6. ጥር 9 ቀን፣ አሮጌውን ሞተር የሚያወርድ ሌላ ሰው በመጥፋቱ፣ አቶ ከፋለ በአንድ ፖሊስ ታጅበው ጋራዣቸው መጡ። ያሳሰርኳቸው እኔ፣ መፍቻ አቀባያቸውም እኔ! «ከመውረዱ በፊት ልየው» ብለው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። የውሃው መተላለፊያ በነጭ ቅርፊት ተደፍኗል። በጥፍራቸው ፈቀፈቁና ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ቀጥለው ለእኔ ሰጡኝ። ቀመስኩ። ዕድሜ ልኩን ጨው ሲሸጥ የኖረ ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም ሊል አይችልም።

«ስንት ጊዜ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«በየጉዞው» አልኩ።

ይስቁብኛል ወይም ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላደረጉም። ፖሊሱ ከደጅ ጥላ ሥር ሆኖ «ወዲእኩምዶ?» እያለ፣ ጨረሳችሁ ወይ ማለቱ ነው፣ ይጣራል። አቶ ከፋለም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ብናገር የእስረኛ አፍ ነው፤ ማን ያምነኛል? አንተው ተናገር። ሞተሩን ደግሞ አትጣለው፤ አልሞተም» አሉኝና እጃቸውን ጠርገው ወደ ፖሊሱ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አፈርኩ። አምስት ቀን ዝም አልኩ። አዲሱ ሞተር በግራሶ ተለቅልቆ በዓይኔ ላይ ይሄዳል። እውነቱን ከተናገርኩ እሱ ይቀራል፤ ዝም ካልኩ በሳምንቱ መንገድ ላይ ነኝ። አቶ ከፋለ ገናን ታስረው ዋሉ፤ ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። ጥምቀትንም ታስረው ዋሉ፤ ያን ጊዜ ግን አውቄ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔአለም ስንቅ ይዘው በደጄ ሲያልፉ «እንዴት አደሩ» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ነገሩን ለባለቤቴ ለዙሀራ ነገርኳት። መጀመሪያ በሞተሩ ሳቀች፤ ወላሂ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቁርጥ አድርጋ «በቅሎህ ያነከሰች እንደሁ መጀመሪያ የገዛ ጭነትህን ፈትተህ ታያለህ። ሞተርህ ቢያነክስ ግን መጀመሪያ ሰው አሳሰርክ» አለችኝ። ተነሥቼ ወረቀትና ቀለም ፈለግሁ።

ስለ ሞተሩ፣ ይጠገን ወይስ ይለወጥ ለሚለው፣ አሳቤ ይህ ነው። አዲሱ ቢገባም ባለቤቱ ያው እኔ ነኝ። አሮጌው አካሉ አልተሰነጠቀም፤ የተበላው ክዳኑና በመካከል ያለው ማሸጊያ ብቻ ነው። መተላለፊያው ታጥቦ፣ ክዳኑ ተስተካክሎ ቢገጠም ይሠራል። ግን ለመለወጥ ውሸቴ እንዲጸና ያስፈልጋል፤ ለመጠገን ደግሞ አቶ ከፋለ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ፦

ሀ) አቶ ከፋለ ሀብቴ ዛሬውኑ እንዲፈቱ፤

ለ) የታኅሣሡ አቤቱታዬ ተሰርዞ ይህኛው በቦታው እንዲቀመጥ፣ በተለይ «ሆን ብሎ» የምትለዋ ቃል በቀይ ቀለም እንድትሰረዝ፤

ሐ) የኲሓው ሞተር ከእኔ ቀጥሎ ለጠየቀ፣ በቅሎ ነድቶ ለማያውቅ ሰው እንዲሰጥ፤

መ) መንገድ ስለዘጋሁና ሰው በሐሰት ስላሳሰርኩ የሚገባኝ ቅጣት በእኔው ላይ እንዲወርድ በትሕትና እለምናለሁ።

ለማስረጃ ከሞተሩ የተፋቀውን ጨው በጨርቅ ቋጥሬ ከዚህ ወረቀት ጋር አያይዤዋለሁ። የሚጠራጠር ካለ ይቅመሰው።

አቶ ከፋለ ሲፈቱ ሞተሬን እንዲጠግኑ ይታዘዙልኝ ብዬ ግን አልለምንም። እምቢ ቢሉ መብታቸው ነው፤ እኔም እንደ ገና በአንዲት በቅሎ እጀምራለሁ። መልስዎን ለማድረስ ሰው መላክ አያስፈልግም። ጋቢዬንና መስገጃዬን ይዤ ከወህኒ ቤቱ በር ላይ ቆሜአለሁ፤ እሳቸው ሲወጡ ለመግባት እንዳልርቅ ብዬ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታና ከዘገየ እፍረት ጋር

ሳሊህ ጠሃ
የዳማ ባለቤት፣ የጥፋቱም ባለቤት
(ፊርማ)