የቲቪዋ ሴትዮ እና የእኔ ሊያ

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ሺፍቴን ጨርሼ ገባሁ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው፣ ተመስገን። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ መደገፊያ ሳልይዝ ደረጃ ስወጣ የመጀመሪያዬ። የማስታምማቸው አሮጊቶች አጨበጨቡልኝ።

ቅዳሜ ጉልበቴ ስለዳነ የምስጋና ምሳ አለኝ። የቤ/ክ የጸሎት ቡድናችን ሴቶች እዚህ ዌስተርቪል፣ እኔ ቤት ይመጣሉ። ላዛኛ እሠራለሁ። ሊያም ትመጣለች። ልጄ ወንድ ተብላ ነው ያደገችው፤ ሊያ ከሆነች ወዲህ ሴቶቹ ፊት ቀርባ አታውቅም። ሁሉም ያውቃሉ። አይወራም እንጂ።

ደግሞ ትምጣ ያሉት ማን መሰሉሽ፣ ማስታወሻዬ? እትዬ ዘነበች። የቡድናችን ታላቅ፣ የሁላችን ተቆጪ። አምና ቲቪ ላይ አንዲት እንደ ሊያ ያለች ትራንስጀንደር ልጅ ለውድድር ስትዘፍን አዩ። አንድ ቀን መዝሙር ዘመረች፣ አለቀ፤ እትዬ ዘነበች በየሳምንቱ በስልካቸው ድምፅ ይሰጡላት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ለሊያ በእኔ እጅ ሳምቡሳ ይልካሉ። ዘፋኟን እ/ር ይባርካት።

ማክሰኞ፣ ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት

ቲቪው ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ሴትዮ ይዟል። ሌላ ስቴት ነው። ኢንተርኔት ላይ ዝነኛ። ካንሰር አለብኝ ብላ ስንቱን አስለቅሳ፣ ለካ ጤነኛ ናት። ተያዘች። እሷም ትራንስጀንደር።

ልብ ያልኩት ነገር፦ ሌላ አታላይ ሲያዝ አታላይ ነው የሚሉት። እሷን መጀመሪያ ትራንስጀንደር አሏት፤ አታላይነቷ ተከትሎ መጣ። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ድሮም መዋሸት ልማዳቸው ነው አለች። ስለ ሊያ አታውቅም። ሾርባዬ በረደ።

ረቡዕ

የፈራሁት አልቀረም። እትዬ ዘነበች ኮል አደረጉልኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቁ። ስለ አየሩ አወሩ። ስለ ጉልበቴ እንደገና ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሊያ የቲቪዋን ሴትዮ ታውቃት ይሆን እንዴ አሉኝ። አሜሪካ እኮ ቀበሌ አይደለም!

የሊያ መምጣት ሙሉወርቅን ከብዷታል አሉ። ሙሉወርቅ የቡድናችን ጸሎት መሪ ናት፣ ጥሩ ሴት፣ ፈሪ። ልጅቷ ለሌላ ጊዜ ትቆይ፣ ወሬው ይብረድ አሉ። አስቤ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ። ለማልቀስ ሽንኩርቱ አላስፈለገኝም ነበር።

ሐሙስ፣ አመሻሽ

ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ሄድኩ፣ ሊያ ዘንድ። ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ ትገጥማለች። ሳልነግራት ገብቷታል። ትናንት አንድ የቆየ ደንበኛዋ ሌላ ሰው ይየኝ ብሎ ጠየቀ። እየሳቀች ነገረችኝ፤ ዓይኗ ግን አይስቅም። ቅዳሜ ብቀር ይሻላል፣ አንቺን አላሳፍርም አለችኝ።

እኔ ላጽናናት ብዬ ስለ ዘፋኟ አነሳሁ። ጥሩዎቹም አሉ እኮ፣ እትዬ ዘነበችን እንኳ የቀየረቻቸው እሷ ናት አልኳት። ሊያ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ስትመልስልኝ ቆየችና ድንገት ወደ አማርኛ ዞረች።

«ማሚ፣ አታላይዋ እኔ አይደለሁም። ዘፋኟም ግን እኔ አልነበርኩም።»

አምና ሙሉ ያቺን ዘፋኝ ስመርቅ ነበር። ሳምቡሳው ለካ ለዘፋኟ እንጂ ለሊያ አልነበረም።

ትመጫለሽ አልኳት። ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ሳቀች፣ አሁን በእውነት።

ዓርብ

ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ሐበሻ ሰውዬ በስርቆት ተይዞ ከተማው ሁሉ ሲያወራበት ትዝ ይልዎታል ወይ አልኳቸው። እሳቸው ያኔ ሆቴል ይሠሩ ነበር። አለቃቸው ጠርታ ታውቂዋለሽ ወይ ብላ ጠይቃቸው፣ በብስጭት እህል አልቀመሱም።

«እኔ ያንን ሰውዬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም!» አሉ። ዛሬም ያንገበግባቸዋል።

«ሊያም ሴትዮዋን አይታት አታውቅም፣ እትዬ።»

ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ምሳው በስንት ሰዓት ነው?»

ቅዳሜ፣ እንግዶች ከሄዱ በኋላ

ማስታወሻዬ፣ ዛሬስ ጉድ ነው።

ሙሉወርቅ አልመጣችም። ራሴን አሞኛል ብላ ቴክስት አደረገች። ሌሎቹ መጡ። ሊያ ዘገየች፣ ሳትደውል! ላዛኛው ደረቀ። ስትገባ ሁሉም ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። እትዬ ዘነበች ግን መሸፋፈን አያውቁም፤ ስለዚያች ሴትዮ ምን ትያለሽ አሏት ፊት ለፊት። ሊያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ በጣም ተናድጃለሁ አለች፤ የእውነት የታመመ ሰው ክሊኒካችን በየቀኑ ይመጣል፣ ከእንግዲህ ማን ያምነዋል አለች። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትሽን ነው» አሉና ላዛኛ ጨመሩላት። የደረቀውን ጥግ። ከዚያ ወሬው ቀጠለ፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ መዘምራኑ ልብስ ቀለም። አመሰገንን፣ ጸለይን።

ሊያ እትዬ ዘነበችን ቤታቸው አደረሰቻቸው። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ።

«ኤልሳ! ይህች ልጅ ሃይዌይ ላይ ነፍሴን ልታወጣው ነበር። ቀስ በይ ስላት ኦኬ ትለኛለች፣ እግሯ ግን አይሰማም። አሳድገሻታል ወይስ ለቀሻታል? ደግሞ ምሳ ላይ መዘግየቷ!»

ይቅርታ እትዬ፣ እቀጣታለሁ እያልኩ ሳቄን በመዳፌ አፈንኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ልጄን የሚሸሻት ሌላ ሴት በሠራችው ነበር። ዛሬ ራሷ ባጠፋችው ተቆጧት። እንደ ማንም ልጅ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት መሐል ቆሜ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ።

እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ

ሙሉወርቅ እንዳላየችኝ ሆና በጎን በር ወጣች። አልከፋኝም። እሺ፣ ትንሽ ከፋኝ። እሷ እስካሁን ያየችው የቲቪዋን ብቻ ነው፤ የእኔዋን አላየችም።

ቅድም ደወልኩላት። ማክሰኞ ከሥራ ኦፍ ነኝ፣ ከሊያ ጋር ራስ ምታትሽን ልንጠይቅ እንመጣለን አልኳት። እትዬ ዘነበችም አብሬ እሄዳለሁ ብለዋል፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ፍጥነት ሊቆጣጠሩ።

ሙሉወርቅ፣ ያን ቀን ቤት ነኝ አለች። ኑ አላለችም። አትምጡም አላለችም።

እንሄዳለን።