ሰዓት ያዢዋ

ቮስሎሩስ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ይድረስ ለወንድሜ፣

በጌታ ሰላም እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህ፣ ቁርጭምጭሚትህ፣ አርባ ሺህ ተከታዮችህስ ደኅና ናቸው? እኛ ተመስገን ነው። የአባባ ወገብ ያው እንደምታውቀው ነው፤ እኔን ከንዴት በቀር የሚያመኝ የለም።

ቪዲዮህን አየሁት። «ማይንድሴት ማለት ብቻህን መነሣት ነው» ትላለህ፤ «ጎሕ ሳይቀድ በቮስሎሩስ መንገድ ስሮጥ ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው እንኳ አልነበረም።» ሁለቴ አየሁት፤ ሌላ ቮስሎሩስ ይኖር እንደሆነ ብዬ።

በቤተ ክርስቲያን ስትመሰክር ክብሩን ሁሉ ለጌታ ሰጥተህ እኔን ታልፈኝ ነበር። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ጌታ ይበልጠኛል። በዚህኛው ምስክርነትህ ግን እሱንም አለፍከው። ሽማግሌው ጋሽ አጵሎስ አይተውት «ታዲያ ልጁ ማን ፈጠረኝ ነው የሚለው?» አሉኝ። ስፖንሰሩ አልኳቸው።

ትናንት ደግሞ ማርቆስ የሚባለው ማኔጀርህ ደወለ። ቅዳሜ የአባባን ሱቅ ልትቀርጹ ትመጣላችሁ አሉ። እኔ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦ ይዤ እቆማለሁ፤ አንተ በደጅ እየሮጥክ ታልፋለህ፤ እኔ አለቅሳለሁ። «ለብራንዱ ስሜት ይሰጠዋል፣ እኅቴ» አለኝ። ስሜትስ ሞልቶኛል አልኩት፤ አንተ የምትፈልገው ዓይነት አይደለም እንጂ።

የዳቦ መኪናው ሳይደርስ ስንት ጠዋት አብረን ለሩጫ ወጣን? ሰዓቱ በማን እጅ ነበር? የዩኒቨርሲቲው የሩጫ አሠልጣኝ ሁለታችንንም ለሙከራ የጠራን ቀን አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሱቁን ማን ይክፈት ሲባል አንተ ጎንበስ ብለህ ጫማህን ታስር ነበር። ከፈትኩ። ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅህም። ግን ብቻዬን ነበርኩ አትበል።

ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን የሚጠርጉት ጎረቤታችን አሮጊቷ ጎጎ ስኳር ሊገዙ ሲመጡ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን አራቅ አድርገው አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። «ሲሲ፣ ልጄ፣ ይኼ ያ ሁልጊዜ ከኋላሽ እያለከለከ የሚመጣው ልጅ አይደል?»

ስለዚህ ቅዳሜ ኑ። ዳቦውን አባባ ይሸጣል፤ እኔ አሮጌ ጫማዬን አጥልቄ ከፍርግርጉ ውጪ እጠብቃችኋለሁ። ማርቆስን ግን አንድ ነገር አሳስብልኝ፦ ካሜራ የሚይዘው ሰው መሮጥ የሚችል ይሁን።

ጌታ ጉልበትህን ይጠብቅ፤ ልብህንም ያለዝብልህ። አባባ መርቆሃል፤ ቪዲዮውን አላሳየሁትም።

ታላቅ እኅትህ