አባዬ የቋጠረው የጋቢ ጫፍ

ውድ አባዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ ብዬ እንዳልጀምር አፈርህ የት እንደሆነ አላውቅም። ከቤት ከወጣህ ሁለት ክረምት አለፈ፤ መርዶህ ከመጣ ደግሞ አንድ ክረምት። ይህን የምጽፍልህ ባሕር ላይ ሆኜ ነው። ባሕር ስልህ እንዳትደነግጥ፤ እኔ ለሁለታችንም ደንግጫለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። አያቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉና ተራራ ላይ ዝናብ ሲመጣ ግን አሁንም ከሁላችን ቀድመው በጉልበታቸው ያውቁታል። ቦራው በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ እያረስን ነው። እርፉን የሚይዘው ወንድሜ ነው፤ ገና ደረቱ ድረስ ይመጣበታል። እኔ ስሄድ ውሃ ማን እንደሚቀዳ አልተነጋገርንም።

የመሄዴ ነገር እንዲህ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤታችን መጥቶ፣ በጦር ግንባር የወደቁ ሰዎች ልጆች ኩባ ሄደው ይማራሉ፣ ያንቺም ልጅ ተመርጣለች አላት እማዬን። አያቴ «ኩባ ከጋይንት ወዲህ ነው ወዲያ?» ብለው ጠየቁት። ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ወዲያ ነው አባባ፣ ትንሽ ወዲያ።»

እኔ የፈራሁት ርቀቱን አልነበረም። የሚሄዱት አባታቸው የሞተባቸው ብቻ ናቸው። እሺ ካልኩ፣ መሞትህን በገዛ አፌ ያጸናሁት መሰለኝ። አስከሬንህን አላየንም። ልቅሶህን የተቀመጥነው ጋቢህን አልጋ ላይ ዘርግተን ነው። ሰው ሁሉ ወደ ጋቢው እያየ ሲያለቅስ፣ እኔ ከጥግ ሆኜ የማየው ጫፉን ነበር።

ያን ጫፍ ታስታውሰዋለህ? የዘመትክ ቀን ጠዋት፣ ደጃፉ ላይ ቆም ብለህ ስትቋጥረው አይቼሃለሁ። እንዳትረሳው የምትፈልገው ነገር ሲኖር ሁልጊዜ እንዲሁ ነበርክ። ጨው ግዛ ስትባል ትቋጥራለህ፤ ገበያ ስትደርስ ቋጠሮውን ታየዋለህ እንጂ ለምን እንደቋጠርከው ይጠፋሃል። እማዬ «አባትሽስ ለቋጠሮው ሌላ ቋጠሮ ያስፈልገዋል» እያለች ትስቅብህ ነበር። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር።

የመጨረሻውን ግን ለምን እንደሆነ ሳትነግረን ሄድክ። ደብረ ታቦር መኪናው ላይ ከወጣችሁ በኋላ ልብስ ይሰጣችኋል ሲሏችሁ፣ ጋቢውን ከትከሻህ አውልቀህ ለእማዬ ወረወርክላት፤ መኪናውም ተነሣ። አያቴ ለጣራ ገዳም የተሳለው ስለት ነው ይላሉ። እማዬ ማረሻውን ሊያሠራ አስቦ ነው ትላለች። እኔ የማስበውን ለማንም አልተናገርኩም። ከአራተኛ ክፍል ያስቀረኸኝ ጊዜ፣ አዝመራው ከተሳካ እመልስሻለሁ ብለኸኝ ነበር። ቋጠሮው ለእኔ ነው ብዬ ነበር፤ እሺ ያልኩትም ለዚህ ነው።

እማዬ ጋቢውን አላጠበችውም፤ ያንተ ሽታ አለበት። ቋጠሮውንም ማንም አልነካውም። ልሄድ ስል ግን አጥፋ እቃዬ ውስጥ ከተተችውና «አባትሽ የቋጠረውን እንዳትፈቺ» አለችኝ። ሌላ ምክር አልመከረችኝም።

አሰብ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችንን መታን። መርከቧን ምን ብዬ እንደምገልጽልህ አላውቅም። ጉናን ኖራ ቀብተው ውሃ ላይ ያቆሙት ይመስላል። አሮጌ ልብሳችንን ሊሰበስቡብን ነው የሚል ወሬ ስለሰማሁ፣ ጋቢህን ከተሰጠን አዲስ የደንብ ልብስ ሥር ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት። ከኋላዬ የነበረችው እንጉዳይ የምትባል የገሳይ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። «ምነው፣ የዓመት ስንቅሽን በልተሽ ነው የመጣሽ?» አለችኝ። መሰላሉን ስወጣ በሥሩ ባሕሩ ይታየኝ ነበር፤ በአንድ እጄ ገመዱን፣ በአንድ እጄ ቋጠሮውን ይዤ ወጣሁ።

መርከቧ ድሮ ሀብታሞች ለሽርሽር የሚሳፈሩባት ነበረች አሉን። በሩን ስናልፍ እግር የሚውጥ ቀይ ምንጣፍ አለ፤ ከላይ ብርጭቆ የመሰለ መብራት ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳው መስታወት ነው። ከፊት ያለችው ልጅ ጫማዋን አወለቀች። ሁላችንም አወለቅን። እኛ እንዲህ ያለ ምንጣፍ የምናውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። በሩ ላይ የሸራ ጫማ ክምር ሲሆን የመርከቧ ሠራተኞች፣ ነጮቹ፣ ግራ ገባቸው። የሚመሩን መምህር እየሮጡ መጡ። «ጫማ አድርጉ! መቅደስ አይደለም፣ መርከብ ነው!» እንጉዳይ «ታዲያ ምን አስጌጠው?» ብላ አጉረመረመች። በግርግሩ ጫማችን ተቀያየረ፤ አሁንም የግራ እግሬ ጫማ የእኔ አይደለም።

ክፍላችን ለአራት ነው። አልጋው ፎቅና ምድር ሆኖ ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ መስኮቱ እንደ ወንፊት ክብ ነው። አንሶላው በጣም ስለነጣ እንጉዳይ «ይህ መግነዝ ነው፣ በቁሜ አልገነዝም» አለችና መሬት ተኛች። እኔም እንዳላቆሽሸው ፈርቼ ከጎኗ ጋቢህን ለበስኩ። ጥሩንባው ሲጮኽ ወለሉ ከሥራችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመስኮቱ ሳይ መሬቱ እየቀጠነ ሄደ። ልጸልይ ብነሣ ምሥራቅ የት እንደሆነ ጠፋኝ፤ ፀሐይዋ የነበረችበት ቦታ የለችም፤ መርከቧ ዞራለች። ቤታችንም በየት በኩል እንደሆነ አላወቅኩም። ያኔ ቋጠሮህን በጣቴ ዳሰስኩት። የሚያውቀኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከቁርስ ስንመለስ አልጋዎቹ ተነጥፈዋል፤ ጋቢህ የለም።

አልጋውን ገለበጥኩ። እንጉዳይም ከሥር ገብታ ፈለገች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ። የምታጸዳው ሴትዮ ይዛው እንደሄደች ከጎን ክፍል ያለች ልጅ ነገረችን። ታውቀኛለህ አባዬ፣ እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ነኝ። ያን ቀን ግን ብቻዬን ሮጥኩ። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ደረጃ ወረድኩ፣ ሌላ ደረጃ ወረድኩ። አሮጌ ጨርቅ ነው ብለው ጥለውት፣ ባሕር በልቶት ቢሆንስ? አንተንም አላየንህ፣ ጋቢህንም ባናየው እማዬን ምን እላታለሁ?

የሳሙና ሽታ እየተከተልኩ አንድ ክፍል ደረስኩ። እንፋሎት ሞልቶታል። ሴትዮዋ ወፍራም ናት፤ ወርቅ ጥርስ አላት። ስታየኝ ፈገግ ብላ ከመደርደሪያ ጋቢህን አወረደችልኝ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ እንደ መጽሐፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል። የሠራችውን እንድመለከትላት እጇን ጋቢው ላይ እያሳለፈች ታሳየኛለች። አፍንጫዬን አስጠጋሁት። ሳሙና ብቻ ነው። ጫፉን ፈለግሁ፤ አራቱንም ጫፍ አየሁ። ቋጠሮው ተፈቷል።

ማልቀስ ስጀምር ሴትዮዋ ደነገጠች። ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን ታየኛለች። እኔም መቋጠርን በእጄ አሳየኋት፤ አባቴን ግን እንዴት በእጅ እንደሚያሳዩት አላወቅኩም። ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችኝና በራሷ ቋንቋ ብዙ ተናገረች። ከዚያ አንድ ቀይ ፍሬ እጄ ላይ አስቀመጠች። ልረግማት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ሰው ልጁን እንደሚያጥብ ነው ያጠበችልኝ።

ክፍላችን ተመልሼ ጋቢውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። እንጉዳይ ፍሬውን በጥርሷ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ከሁሉ ይልቅ አንድ ነገር ፈራሁ፤ አንተ ሳትረሳኝ የቆየኸው በቋጠሮው ይመስል፣ አሁን ረስተኸኝ ይሆን ብዬ። ብርሃኑ በክቡ መስኮት ሲገባ ግን አንዱ ጫፍ ላይ ጭምድድ ብሎ የቀረ ነገር አየሁ። የተቋጠረበት ቦታ ነው። ሁለት ክረምት እንደተቋጠረ ስለቆየ ካውያውም አላቃናውም።

ለምን እንደቋጠርከው አሁንም አላውቅም። ስለት ከሆነ አያቴ ያድርሱልህ፤ ማረሻ ከሆነ ወንድሜ ያሠራዋል። ለእኔ ከሆነ ግን ይኸው፣ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነው፤ ከጋይንት ትንሽ ወዲያ። መሬት ስነካ ለእማዬ እጽፋለሁ። ቋጠሮው መፈታቱን ልንገራት አልንገራት ገና አልወሰንኩም።

ጭምድዱን ተከትዬ፣ አንተ ባጠፍክበት በኩል አጥፌ፣ በራሴ እጅ መልሼ ቋጠርኩት። ያንተን ያህል አልጠበቀም። የእኔን ግን ለምን እንደቋጠርኩት ገበያ ስደርስ አይጠፋኝም፤ አንተን እንዳልረሳ ነው።

ልጅህ ስመኝ