ከደጃችን የተነሳው ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ካርቲየ 6 ሰፈር

ዛሬ የሰፈሩ ሴቶች ጎርፍ የሚያሰጋንን ቦታ ለመለየት ተሰብስበን ነበር። መንገዶቻችንን መሬት ላይ በኖራ ሣልን። ከዚያ ውሃው የሚታገድበት ቦታ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ ጀመርን። ጎረቤቴ ኸዲጃ ድንጋይዋን የኛ ሱቅ ደጃፍ ላይ አኖረች። ባለቤቴ ለዕቃ መደርደሪያ ብሎ ቦዩን በሲሚንቶ የደፈነው እዚያ ነው።

ከውጭ ለመጣው አሰልጣኝ ከሶማሊኛ ወደ ፈረንሳይኛ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። «ይሄስ?» ሲለኝ፣ «ተሳስታ ነው» አልኩት። ኸዲጃ ፈረንሳይኛ የምትሰማ አልመሰለኝም።

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳችና የራሷ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችው። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«ተይው እህቴ፣ ውሃው የሚገባውስ እኔ ቤት ነው» አለችኝ። ከሁለታችን ሌላ እዚያ ማንም በማይሰማው አማርኛ ነው ያለችኝ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ።