ወገብ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣቱስ ቀለል አለሽ? እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ የሰረዝኩት እሱን ነው። እጄ ለምዶበት እንጂ ደህና አይደለንም። ልጆቹ፣ አለቃም ድምቡሼም፣ ታመውብኛል።

ለምን አልደወለችም ትይኝ ይሆናል። በስልክ የመለስኩልሽ መልስ ዕድሜ ልኬን ይበቃኛል። ይህኛውን ቁጭ ብዬ፣ ቃል እየመረጥኩ ልንገርሽ ብዬ ነው። እየመረጥኩ አልኩ እንጂ ነገሩ ሁሉ ተደበላልቆብኛል፤ ብዘባርቅብሽ ቻይኝ።

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም እሳት ሆነው ተነሱ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሟ አፍንጫቸውን መርምራ ኢንፍሉዌንዛ ነው አለችኝ። ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት አለ፤ ድምቡሼ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ አስምም አለባት፣ ዛሬውኑ ትጀምር አለች። አለቃ ግን ስምንት ዓመት የሞላው ጤነኛ ልጅ ስለሆነ ለእሱ ምርጫው የእናንተ ነው አለችኝ። ሕመሙን በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥርለት ይሆናል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል፤ ከሰጣችሁት ግን ትኩሳቱ በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ይሁን ብላ ለሁለቱም ጻፈችልኝ። መቼ ጀመረው ስትለኝ ዛሬ ጠዋት አልኳት። እሷ ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ያልቆረጠችውን እኔ ልብስ ሰፊዋ በመቀስ ልቆርጠው ነው።

መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ዱቄት ያለበት ጠርሙስ ሰጠኝና፣ በውሃ ከተበጠበጠ ብዙ አይቆይም፣ እስክትወስኚ አትክፈቺው አለኝ። የድምቡሼን ወዲያው በጥብጬ ሰጠኋት። የአለቃን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልፎ አልፎ ያልተለመደ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ ይላል። አለቃ መቼ የተለመደ ጠባይ አሳይቶ ያውቃል? ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ጫማውን እያሰረ፣ ጉንፋን እኮ ነው፣ ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሳል፣ ልጁን በከንቱ በመድኃኒት አታድክሚው፣ እስከ ነገ እንየው አለኝ። ክፉ አልተናገረም። ግን ቃሉ ያኔ ስለ ልጅሽ ደውለሽ ስትጠይቂኝ የመለስኩልሽ ነው፣ እህቴ። አንድም ፊደል ሳይጎድል የእኔው ነው። ማሰሪያውን ጨርሶ እስኪወጣ ቆሜ አየሁት።

እሱ እንደወጣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ያዘዘችኝን ጉርድ ልትለካ መጣች። ጉርዱ ዳሌዋ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ብትጎትት ብጎትት ወይ ፍንክች። እኔ በሁለት ቀን ወፈርኩ ወይስ አንቺ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ነበር አለችኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ጨርቅ አጥፌ ስለምቆርጥ የልኩን ግማሽ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። «ወገብ 39.4» ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። የሴትዮዋ ግማሽ ወገብ ቢያንስ አርባ ስድስት ነው። ደግሞስ ወገብ በነጥብ አራት ለክቼ አውቃለሁ?

ያኔ ትዝ አለኝ። ሰኞ እሷን ስለካ አለቃ ራሴን አመመኝ ብሎ ከትምህርት ቤት መጣ። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጬለት ወደ ሜትሬ ተመለስኩ። አውጥቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ እጄ ጻፈው፣ ጆሮዬ ግን አልሰማውም። ቁጥር ሲጠራ መጻፍ እንጂ ማሰብ የት ለምጄ። ጨርቅ ክምር ላይ ተኛ፣ ሲመሽ ራቱን በላ፣ እኔም የቤት ሥራውን ፈርቶ ነው አልኩ። ገጹ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፤ ሰኞ፣ አምስት ሰዓት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ ሳይ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። እስከ ነገ እንየው የምንል ሰዎች፣ ሐኪሟ ያለችው ሁለት ቀን ሊሞላ ሩብ ሰዓት ነው የቀረን።

ሴትዮዋን በግማሽ ጉርድ አቁሜያት ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

ሰጠሁት። ጠመኔ ጠመኔ ይላል ብሎ ፊቱን አጨማደደ። ጥቂት ቆይቶ አስመለሰው፤ ልድገምለት ወይስ ልተው ብዬ ደግሞ ግራ ተጋባሁ። ሐኪም ቤት ደውዬ ድገሚለት ስላሉኝ ደገምኩለት። አሁን ተኝቷል፣ ትንፋሹ እዚህ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ድረስ ይሰማኛል። ባልሰጠውም ይድን ነበር ይሆናል። ልክ ልሥራ ልሳሳት አላወቅኩም፤ ባለቤቴ ሲመጣ ምን እንደምለውም አላውቅም። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ አለቃ ወይ ኳሱን ይዞ ወጥቷል፣ ወይ... እሱን አልጽፍም። ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ ምክር እየጠየቅኩሽ አይደለም።

ባለፈው ዓመት የመጣሁ ጊዜ ፎጣ ስፈልግ ቁም ሳጥንሽን ከፍቼ ነበር። ከትንንሾቹ ጫማዎች አጠገብ እንደታሸገ ያለውን ጠርሙስ አይቻለሁ። መልሼ ዘጋሁት። አንቺ ሻይ ቀድተሽ ጠበቅሽኝ፣ ስለ አየሩ አወራን። ይኸው ስንት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» አላልሽኝም።

ዛሬ የአለቃን እኔው ከፈትኩት። ማሸጊያው ሲላቀቅ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው፣ እህቴ። አንቺ ሰምተሽው አታውቂም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ እኔንም ፊትሽን ለማየት ያብቃኝ።

ያኔ ደውለሽ የጠየቅሽኝ፣
ታናሽ እህትሽ